ለሽርሽር የሞተው አጎቴ

በእግሬ መሄድ ደስ ይለኛል። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ በሽታውን ለሐኪም እንደሚናገር ሰው ነው የምናገረው። ደብረ ታቦር ውስጥ ሰው ከቤቱ ከወጣ ወይ ገበያ ይሄዳል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ወይ ክስ አለበት። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ምንም ጉዳይ እስከ ጋፋት ሄጄ ያለ ምንም ጉዳይ እመለስ ነበር። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ገበሬ ሁሉ «ከብት ጠፋብህ እንዴ?» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ «የለም፣ እንዲያው ነው» እል ነበር። ኋላ ማስረዳቱ ሲታክተኝ «አዎ፣ አንዲት ጥጃ» ማለት ጀመርኩ። ያችን ጥጃ ዓመት ሙሉ አብረውኝ የፈለጉ ደግ ሰዎች አሉ። አንዱማ የማን እንደሆነች ያልታወቀች ጥጃ ጎትቶ ቤቴ ድረስ አምጥቶልኝ፣ ባለቤቷ እስኪገኝ አሥር ቀን ሙሉ ሣር ሳጭድላት ከረምኩ።

ከዚህ መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን ስለ ጣና ሐይቅ ሳስተምር፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን ሰሌዳው ላይ ስዘረዝር፣ ሰናይት የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ዳሩ ላይ ቆመው ሲያዩት ማዶው ይታያል?» አለችኝ።

«እንዴታ፣ በደንብ ነው የሚታየው» አልኳት።

ዳሩ ላይ ቆሜ አላውቅም ነበር። ወደ ጎንደር ስሄድ ከአውቶቡስ መስኮት፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ፣ አንድ ብልጭታ አይቻለሁ። ያም ሐይቁ ይሁን የቆርቆሮ ጣሪያ አላረጋገጥኩም።

ሰናይት የጎረቤቴ የአቶ ውቤ ልጅ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ክፍል ውስጥ የለችም። ከሌሎች የከተማው ወጣቶች ጋር አንድ ቀን ተወሰደች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋም አልተሰማ። በዚያ ዘመን እንዲህ ለሄደ ሰው ለቅሶ አይቀመጡም ነበር። ድንኳን መትከል ከሄደው ሰው ጋር መወገን ሆኖ ይቆጠራል። አቶ ውቤ በሦስተኛው ቀን ሱቃቸውን ከፈቱ። እኛም ሄደን ክብሪት ገዛን። ከዚያ በኋላ ስሟን በፊታቸው ያነሳ ሰው የለም።

ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። ለሦስት ዓመት ያህል የጣና ትምህርት ላይ በደረስኩ ቁጥር ዓይኔ ያኔ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ያርፋል። በመጨረሻ በጥር ማብቂያ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሄጄ በዓይኔ ላየው ቆረጥኩ። እንግዲህ እኔ ነገር ስጀምር አጠናክሬ ነው። የአንድ ቀን መንገድ ለማቀድ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ረቡዕ ባሕር ዳር አድራለሁ። ሐሙስ ማለዳ የዳር ዳሩን መንደሮች የምታዳርሰውን ጀልባ እይዛለሁ። ከአንዷ መንደር ወርጄ የሐይቁን ዳር ይዤ እስከ ቆራጣ በእግሬ እሄዳለሁ። ከቆራጣ ወደ ሐሙሲት እወጣለሁ፤ ገበያ ቀን ስለሆነ የጭነት መኪና አላጣም። ይህን ሁሉ ነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ካርታ ነደፍኩ። የምሄድበትን በቀስት፣ ምሳ የምበላበትን ዛፍ በመስቀል ምልክት አደረግኩበት። ዛፉ መኖሩን አላውቅም፤ ነገር ግን በሐይቅ ዳር ዛፍ አይጠፋም ብዬ ነው።

ባለቤቴ አስካለ ካርታውን አየችው። «ደርሰህ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ።

«እሄዳለሁ።»

«ከሄድክ በኋላስ?»

«እመለሳለሁ።»

«እንግዲያው እዚሁ ግቢው ውስጥ ብትዞር ጫማህ አይቆጠብም?» አለችና ዳቦ ቆሎ ልታዘጋጅ ገባች። አስካለ እንዲህ ናት፤ እየሰደበች ትሰንቃለች።

የቀረው የይለፍ ወረቀት ነው። ያኔ ካለ ቀበሌ ወረቀት ወረታንም አያልፉ። ሊቀ መንበራችን ጓድ ፈንቴ ይባል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ሰናይት በተወሰደችበት ሳምንት ነው የተወሰደው። ፈንቴ ግን ያኔም ወንበሩ ላይ ነበር፤ ወንበሩ ላይም ቆየ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ቀና ብሎ አያይም፤ የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው።

«የጉዞው ምክንያት?» አለኝ፣ ብዕሩን አዘጋጅቶ።

«ሽርሽር።»

ብዕሩ ቆመ። «ሽርሽር ማለት?»

«በእግር መሄድ ነዋ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው።»

«ማን ዘንድ?»

«ማንም ዘንድ።»

«ምን ልታመጣ?»

«ምንም።»

ቅጹን ገለበጠው። ቅጹ ላይ ያለው ምክንያት ሦስት ብቻ ነው፤ ሥራ፣ ሕክምና፣ ለቅሶ። እኔ ደግሞ ሰውዬው እንዲገባው ብዬ ከሁሉ የከፋውን ሞኝነት ሠራሁ። ካርታውን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

ፈንቴ ካርታውን ዘቅዝቆ አየው፤ አቃንቶም አየው። «ይህ ቀስት ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይህ መስቀልስ?»

«ምሳ የምበላበት ዛፍ።»

«ዛፉ ሥር ማን ይጠብቅሃል?»

ማንም እንደማይጠብቀኝ ነገርኩት። ይህ ይባስ አስደነገጠው። ጫካ ገቡ ስለሚባሉ ሰዎች በየቀኑ የሚወራበት ጊዜ ነው። የሐይቅ ዳር ካርታ፣ የጀልባ ሰዓት፣ ቀስት፣ መስቀል፤ ይህን ሁሉ የያዘ መምህር «እንዲያው ነው» ሲል እኔም ብሆን አላምንም። ፈንቴ በር ላይ የቆመውን የአብዮት ጥበቃ ሊጠራ አንገቱን መለስ ሲያደርግ ከአፌ አመለጠኝ።

«አጎቴ ሞቶብኝ ነው» አልኩ።

ፈንቴ ብድግ አለ። ቆቡን አወለቀ። «ምነው ታዲያ ከመጀመሪያው አትናገርም?»

«መናገሩ ከብዶኝ ነው።»

«ነፍስ ይማር። ማን ይባላሉ?»

«አያ ደመላሽ» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ዘራችን ውስጥ ደመላሽ የሚባል የለም። ዘራችን ውስጥ አጎት የሚባልም የለም።

ፈንቴ ለቅሶ በሚለው ላይ ምልክት አደረገ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። «ባለቤትህ ሰምታለች?» አለኝ። «ገና ነች» አልኩት። ካርታዬን አጥፌ እየተደሰትኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለአስካለ አንድም ነገር አልተነፈስኩም፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሞት ወረቀት ላይ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አቶ ውቤ ናቸው፤ የዕድራችን ዳኛ እሳቸው ነበሩ። ከኋላቸው እማማ ዘርፌ አሉ፤ ከተማውን ሙሉ ሙሾ እያወረዱ የሚያስለቅሱ አንድ ዓይና ባልቴት። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ አሥር የሚሆን ሰው። ሁሉም ገብተው ዝም ብለው ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። አስካለ እናቷ የሞተች መስሏት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«መምህር» አሉ አቶ ውቤ። «ትናንት ቀበሌ ውስጥ ቆመህ የተናገርከውን ሰምተናል። ራሱን መርዶ የሚያረዳ ሰው አይተን አናውቅም። ያ አይቆጠርም። በወጉ ልንነግርህ ነው የመጣን።» ከዚያም በወጉ ነገሩኝ። የቆራጣው አያ ደመላሽ አርፈዋል።

እኔም በወጉ ማልቀስ ነበረብኝ። ችግሩ ለአጎት ምን ያህል እንደሚለቀስ አለማወቄ ነው። አስካለ አየችኝ። የአባቴን ዘር ከእኔ በላይ ታውቃለች። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና «ወይኔ አያ ደመላሽ!» ብላ አጠገቤ ወደቀች። ስትወድቅ ግን ጎኔን ይዛ እስከ አጥንቴ ቆነጠጠችኝ። ከዚያ በኋላ ያፈሰስኩት እንባ ሁሉ እውነተኛ ነው።

ድንኳን ተተከለ። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ለቀስተኛው ሲገባና ሲወጣ አያ ደመላሽ እያደጉ ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን በወባ ሞቱ። በሁለተኛው ቀን ለጠየቀኝ ሰው የትናንቱን ረስቼ ከጣሪያ ወደቁ አልኩት። ከወደቁ በኋላ ወባ ያዛቸው ብዬ አስታረቅኩት። ልጆች አሏቸው ብዬ ነበር፤ «እንግዲያው ልጆቹን ወደዚህ እናምጣቸው» የሚል ደግ ሰው ሲነሣ ቶሎ ብዬ መካን አደረግኳቸው። እውነቱን ለመናገር ወደድኳቸው። ዝምተኛ፣ ሰው የማያስቀይሙ፣ በሬዎቻቸውን በስም የሚጠሩ ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ። ከእውነተኞቹ ዘመዶቼ የሚሻሉ ነበሩ።

እማማ ዘርፌ ድንኳኑ መሐል ቆመው እንዲህ ሲሉ አወረዱ፦

መልክህን ሳላየው ድምፅህን ሳልሰማ፣
ምን ብዬ ላልቅስልህ የሐይቅ ዳሩ ግርማ።

ሰዉ ተንሰቀሰቀ። እኔ ግን «መልክህን ሳላየው» ሲሉ ደህናይቱ ዓይናቸው እኔ ላይ የቆየች መሰለኝ።

አስካለ ማጀት አስገብታ ያዘችኝ። «ለሽርሽር ብለህ ሰው ትገድላለህ?» አለችኝ።

«አልነበረም እኮ።»

«አሁን አለ። የዚህን ሁሉ ሰው እንባ በውሸት አፍስሰህ ቢታወቅ ከዕድር ትሰረዛለህ። ነገ እኔ ብሞት ማን ይሸከመኛል? አንተ ለብቻህ? አንተ እንደሆነ ጥጃም መጎተት አልቻልክ።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ከዕድር የተሰረዘ ሰው እኛ አገር ቆሞ ይሂድ እንጂ የለም። ሰላምታ ይሰጡታል፤ ሲሞት ግን ደጁ ላይ ማንም አይቆም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ አሁን አበቃ ብዬ ተነፈስኩ። አቶ ውቤ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህር ብቻውን ወደ ሰው አገር ለቅሶ አይሄድም። ስምንት ሰው አብሮት ይሄዳል፤ ዕድሩ ወስኗል።» ሩቅ ነው አልኩ። ጀልባዋ ትገለበጣለች አልኩ። ወባው አልጠፋም አልኩ። «እንግዲያውማ ብቻህን እንዴት እንልክሃለን?» አሉኝ። ጓድ ፈንቴ «ተጓዥ አንድ» የሚለውን ሰርዞ «ዘጠኝ» ብሎ ጻፈበትና ማኅተሙን ደገመበት።

እንግዲህ ያ ሁለት ሳምንት ያቀድኩት ሽርሽር ተጀመረ። ጀልባዋ ላይ ስንወጣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ነበርና የተሳፈረው ሁሉ ወሬውን አቁሞ አብሮን አዘነ። ሐይቁ ምን እንደሚመስል አንገቴን ቀና አድርጌ ለማየት አልቻልኩም፤ ኀዘንተኛ ነኝ። የጀልባዋን ወለል ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሁለት ሚስማር ጎድሎታል።

በካርታው መሠረት የመጀመሪያዋ መንደር ወረድን። የአያ ደመላሽ ቤት ወዴት ነው ሲሉኝ «ትንሽ ወደፊት» አልኩ። ሄድን። ለቀስተኛ መሆናችንን ያዩ ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው «ነፍስ ይማር» እያሉ ጠላ አቀረቡልን። ከየት እንደመጣን ሲሰሙ ደግሞ ለመንገዱ አዘኑልን። ደመላሽ የሚባል እንደማያውቁ ሲነግሩኝ «ትንሽ ወደፊት» አልኩ። ሁለተኛዋ መንደር ላይ አንድ ሽማግሌ ትንሽ አሰቡና «ደመላሽ? አወቅኋቸው። ደግ ሰው ነበሩ» አሉ። «አንድ ጊዜ በበሬ ተጣልተናል፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ስሙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ይቅርታ ጠየቁኝ።

እኩለ ቀን ላይ ዛፍ አገኘን፤ ካርታዬ ላይ ካለው መስቀል እምብዛም ሳይርቅ። የበለስ ዛፍ ነበር፤ ሥሩ ውኃው ድረስ ይወርዳል። ዳቦ ቆሎው ተፈታ። ሁሉም ደክሞታል። እማማ ዘርፌ ጫማቸውን አውልቀው የተሰነጠቀ ተረከዛቸውን ሲያሹ አየሁና ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ተነሥቼ ቆምኩ።

«አጎት የለኝም» አልኩ። «አልነበረኝም። ሐይቁን ለማየት ፈልጌ ነው የዋሸሁት። ከዕድር ብትሰርዙኝ ይገባኛል። አስካለን ግን አትሰርዟት።»

ማንም አልደነገጠም። አንዱ ጥርሱን መፋቁን ቀጠለ። አቶ ውቤ አፋቸው ውስጥ የያዙትን ቆሎ አኝከው እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

«ዕድር ስትገባ ዘመዶችህን ያስመዘገብከው እኔ ዘንድ ነው» አሉ። «‹በአባቴም በእናቴም ወገን አጎት የለኝም› ያልከኝን በእጄ ጽፌዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን መርዶ ሊነግሩኝ መጡ?»

«ፈንቴ ፈርሞበት መጣ። ማኅተም የተመታበትን ሞት እኔ ላስነሣው?»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«እኔ ልጄ፣ ገና ከደጃፍህ ሳልገባ ነው ያወቅሁ» አሉ እማማ ዘርፌ። «ስልሳ ዓመት ይህን ውኃ ከከተማችን ከኢየሱስ ኮረብታ ላይ ሆኜ ሲያብረቀርቅ አየው ነበር። አሮጊት ሐይቅ ልታይ ሄደች ቢባል አበደች ይሉኛል እንጂ ማን ይሸኘኛል። አንዱ ዓይኔ ሄዷል፤ ሌላውም ስንቁን ቋጥሯል። አጎትህ ሞተ ሲባል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።»

አፈርኩ። ደግሞም ደስ አለኝ። እማማ ዘርፌ ተነሥተው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውኃው ውስጥ ገቡ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቆዩና «እስቲ ዓይን ያለህ እይልኝ። ማዶው ይታያል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ያየሁት። ውኃ ነው። ከውኃው ወዲያ ውኃ ነው። ደሴቶች እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር ብለዋል፤ ከእነሱ ወዲያ ሰማይ ነው።

«አይታይም» አልኩ። ከዚያ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ነገር ግን ወደ አቶ ውቤ ዞርኩ። «ሰናይት ይህንን ጠይቃኝ ነበር። ክፍል ውስጥ። ይታያል ብዬ ዋሸኋት።»

ስሟ በፊታቸው ሲጠራ በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ጥርሱን የሚፍቀው ሰው መፋቁን አቆመ። አቶ ውቤ ዳቦ ቆሎውን ጨርቁ ላይ መለሱት።

«ጠይቃሃለች?» አሉኝ።

«ጠይቃኛለች። ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበረች።»

እማማ ዘርፌ ከውኃው አልወጡም። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ እንዳደረጉ ጀመሩ፦

ድንኳን ሳይጣልልሽ ጎረቤት ሳይሰማ፣
በየት አለፍሽ ልጄ ያን ሁሉ ከተማ።

አቶ ውቤ «ልጄን» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም። ከዚያ እሪ አሉ። ስምንቱም የሚያለቅሱለት ሰው ነበራቸው፤ ማን ለማን እንዳለቀሰ ያን ዕለት አወቅኩ። አንዷ ለባሏ፣ አንዱ ለሁለት ወንድሞቹ። በመንገዱ የሚያልፉ ገበሬዎች ቆመው «ማን ነው የሞተ?» ሲሉ «አያ ደመላሽ» አልናቸው። ወረቀታችን ላይ የተፈቀደልን እሱ ነው። እኔም አለቀስኩ፤ ማንም ሳይቆነጥጠኝ።

ስንጨርስ ፊታችንን በሐይቁ ውኃ ታጠብን። በቆራጣ በኩል ወደ ሐሙሲት ወጥተን የእህል መኪና ላይ ተጭነን ተመለስን። የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እማማ ዘርፌ ስለ ውኃው ሲያወሩ ወረታ ደረስን፤ አቶ ውቤ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸው በሕፃንነቷ ምን ትል እንደነበር ሲያጫውቱን ደብረ ታቦር ገባን።

በሳምንቱ ጓድ ፈንቴ አስጠራኝ። አስካለ ካፖርቴንና ዳቦ ቆሎ አስያዘችኝ፤ እስር ቤት ብርድ ነው ብላ። ፈንቴ በሩን ራሱ ዘጋው።

«ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ሐይቅ ዳር ተለቀሰ የሚል ወሬ ደርሶኛል» አለ። «ቀብሩ የት ነበር?»

«ቀብር አልነበረም።»

«የሟች ቤተሰብ እነማን ነበሩ?»

«እኛው ነበርን።»

ብዕሩን አነሣ፤ አስቀመጠ። «አቶ ውቤ አለቀሱ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ውሸት ግን ከጥጃዋ ጀምሮ ጠግቤ ነበር። «አለቀሱ» አልኩት። «ጮኸው ነው ያለቀሱት።»

ፈንቴ ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አወጣ። ምክንያት በሚለው ላይ ራሱ ለቅሶን መረጠ።

«አርባው መቼ ይውላል?» አለኝ።

በጣቴ ቆጥሬ ነገርኩት። ቀኑን ጻፈ። ተጓዥ በሚለው ላይ አሥር ብሎ ጻፈ።

«ዘጠኝ ነን እኮ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ ያየሁት ያኔ ነው።

«የአያ ደመላሽ ዘመድ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» አለና ማኅተሙን መታበት።